ከሊማሊሞ እስከ ጊች፦ የመንገድ ሥራና የመንገደኛው ታሪክ በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን ደጋ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል እያቋረጠ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ደባርቅ ከተማ ይደርሳል። ከደባርቅም ሁለት መንገዶች ይለያያሉ። አንደኛው የሊማሊሞን ገደል ቁልቁል ወርዶ በአዲ አርቃይ አልፎ ተከዜን በመሻገር ወደ ሽሬ ይዘልቃል። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የቧሂት ማለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ወረዳ ይወርዳል። ከዚህ ከሁለተኛው መንገድ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብሎ፣ ከጅንባር ወንዝ ማዶ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አምባ ላይ ጊች የሚባል መንደር ነበረ። «ነበረ» ማለታችን ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ስለ ተደረገ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱ መንገዶችና ስለ አንዱ መንደር ነው። እንደሚታወቀው በሙያችን መንገድ የሚለካው በርዝመቱ፣ በስፋቱ፣ በዳገቱ መጠንና በወጪው ነው። መንገዱ በሚሠራበት፣ በሚታደስበት ወይም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በሚዛወርበት ጊዜ የሚቆመው ጭነት፣ የሚቋረጠው የእግር መንገድና የሚያመልጠው ገበያ ግን «ጊዜያዊ ችግር» ተብሎ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የሰሜን ተራሮች ታሪክ የሚያስተምረን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ አገር መቋረጥ ከመንገዱ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። መቋረጡን ማን ያቅደዋል? ለማን ይነገራል? ማንስ ይከፍልበታል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግን በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሲሰጥ ኖሯል። ድልድዩንና ንጣፉን በምናሰላበት ጥንቃቄ መቋረጡንም ማስላት ይገባናል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የመነጨው ከዚሁ ታሪክ ነው።

ክረምት የሚዘጋው መንገድ

ከመኪና በፊት በሊማሊሞ የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ ነበር። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ወደ ከተማይቱ የሚገባው ዋና የንግድ መስመር ይህንን ገደል መውጣት ነበረበት። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ሲሆን፣ የአቀበቱን አስቸጋሪነት በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በሰፊው ገልጾታል። ያን ጊዜ መንገድ ማለት የበቅሎና የአህያ ኮቴ ደጋግሞ የጠረበው መስመር ነበር። የሠራው መሐንዲስ የለም፤ የሚያድሰውም መንገደኛው ራሱ ነው።

ይህ መንገድ በየዓመቱ ይዘጋ ነበር። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፤ የገደሉ አፈር ይላላል፤ ጭጋጉ ዓይን ይይዛል። ነጋዴው ግን ይህን መዘጋት አስቀድሞ ያውቀዋል። ሰኔ ሳይገባ ጭነቱን ያደርሳል፤ ካልደረሰለትም ከወንዙ ወዲህ ሆኖ ይከርማል። መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል እንደገና ይነሣል። ገበያው፣ የእንስሳቱ ቀለብና የብድሩ መክፈያ ጊዜ ሁሉ ከዚሁ የዘመን ስሌት ጋር ተስማምቶ የተደራጀ ነበር። መዘጋቱ ረጅም ቢሆንም ጉዳቱ የሚቻል ነበር፤ ምክንያቱም ቀኑ የታወቀና ለሁሉም እኩል ነበር። ይህን ነጥብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው አውራጃ ታሪክ ውስጥ ሌላ ዓይነት መንገድም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያው ጃናሞራ ውስጥ፣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ12 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች የሚያቋርጥ መንገድ አስጠረቡ፤ ድንጋይ በማንሣቱም ሥራ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ይካፈሉ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ወራት የፈጀው ይህ ሥራ በአገራችን የመንገድ ምሕንድስና ታሪክ ውስጥ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መንገዱ የተሠራው ለአንድ መንገደኛ፣ ማለትም ለመድፉ ነበር። ባላገሩ በማለፊያው ላይ ስለሚደርስበት ነገር የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ብዙ መንገዶች ላይ ይኸው ጠባይ ሲደጋገም እናያለን፤ ሁለቱ ጫፎች ይታሰባሉ፣ መካከሉ ይረሳል።

የሊማሊሞ ጠመዝማዛ

በሊማሊሞ ላይ የመጀመሪያውን የመኪና መንገድ ያወጡት ጣልያኖች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ከአሥመራ ተነሥቶ በሽሬና በአዲ አርቃይ በኩል ጎንደር የሚደርሰውን መስመር ሲዘረጉ፣ ገደሉን እየጠረቡ፣ ከታች በድንጋይ ግንብ እየደገፉ፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ እየደረደሩ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነውን የከፍታ ልዩነት በመኪና የሚወጣ አደረጉት። ከእኛ መካከል ያንን ቁልቁለት ያየ ሰው ሁሉ የግንቦቹን አሠራር ማድነቁ አይቀርም። ይሁን እንጂ የመንገዱ ዓላማ ጦር ማመላለስ እንጂ አገር ማልማት አልነበረም፤ በድማሚትና በዶማ የወጣውም በገዛ አገሩ ላይ ተገዥ በሆነው ሠራተኛ ጉልበት ጭምር ነው።

ለጦር የተሠራ መንገድ በጦር ይዘጋል። በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ኃይል በሌሎች ግንባሮች ሲፈርስ፣ ከሊማሊሞ አናት በወልከፊት የመሸገው ጦር ለወራት የሰሜኑን በር ይዞ ቆየ። አርበኞች ከደጋው በኩል፣ የእንግሊዝ ጦር ደግሞ በሌላ በኩል እየተጫኑት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ወር ነፃ ወጣች። በእነዚያ ወራት ገደሉን የያዘ መንገዱን ይዟል፤ መንገዱን የያዘም የሁለት አገሮችን ግንኙነት ይዟል።

ከነፃነት በኋላ የቀረው ቅርስ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ በጦርነትና በጥገና እጦት የተጎዳ መንገድ ነበር። የዓለም ባንክ በእ.ኤ.አ. 1950 ለአገራችን ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ፣ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር፣ ለዚሁ መንገድ ማደሻ የተመደበ ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሥራውን ተረከበ። ባለሥልጣኑ የብዙዎቻችንን መምህራን ያፈራ፣ ቀያሽንና የመሣሪያ ኦፕሬተርን በአገር ውስጥ ያሠለጠነ ተቋም በመሆኑ ማኅበራችንም ባለውለታው ነው። የሊማሊሞም መንገድ በዚሁ ጥገና እየተደገፈ የጎንደርንና የሽሬን የጭነት መኪና ለአሥርተ ዓመታት አስተናግዷል።

ሆኖም ይህ መንገድ አንድ የተፈጥሮ ችግር አለበት። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ገደል ስለሆነ ሥራ ወይም ብልሽት ባጋጠመው ጊዜ በጎን ማለፊያ የሚወጣበት ቦታ የለውም። በክረምት ናዳ ሲወርድ፣ ወይም አንድ ተሳቢ በመታጠፊያው ላይ ሲቆም፣ ከላይ የሚመጣው ከላይ፣ ከታች የሚመጣው ከታች ያድራል። ሹፌርና ረዳት ይህን ስለሚያውቁ ስንቅና ብርድ ልብስ ይዘው ይጓዛሉ። ሌላ አማራጭ የፈለገ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መዞር አለበት። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 2021) ጦርነቱ እስከ ደባርቅና ዳባት ኮረብታዎች በዘለቀ ጊዜም የደረሰው ይኸው ነው፤ መስመሩ ተዘጋ፣ ከመስመሩ ጋርም ገበያው፣ መድኃኒቱና የዘመድ መጠያየቂያው ተዘጋ። ብቸኛ የሆነ መንገድ ከመንገድነቱ ይልቅ በርነቱ ያይላል።

ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ

ወደ ሁለተኛው መንገድ እንመለስ። ዩኔስኮ በእ.ኤ.አ. 1963 እና 1965 የላካቸው የባለሙያዎች ቡድኖች የአገሪቱን የዱር አራዊት ሁኔታ ካጠኑ በኋላ፣ በዓለም ላይ በሌላ በየትኛውም ቦታ የማይገኘው ዋልያ እንዳይጠፋ የሰሜን ተራሮች እንዲከለሉ ተመከረ። በእነዚያ ዓመታት የዋልያው ቁጥር ከ150 ብዙም እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። ፓርኩም በ1962 ዓ.ም. 136 ካሬ ሜትር ኪሎ ይዞ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 1978) ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ፓርኩ ሲከለል ግን በውስጡ ሰው ነበረ። ገብስ የሚዘሩ፣ በግና ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች ከፓርኩ ሐሳብ እጅግ ቀድመው በዚያ ይኖሩ ነበር። ከፓርኩ ማዶም ጃናሞራ አለ። ያ ወረዳ በተቆራረጠ ምድርና በሳሳ አፈር ላይ የሚኖር፣ የእህል እጥረት ደጋግሞ የሚያጠቃው አገር ነው። መኪና ባልነበረበት ዘመን ከዚያ አካባቢ የታመመ ሰው ደባርቅ የሚደርሰው በቃሬዛ፣ የሰው ትከሻ እየተፈራረቀበት፣ የቧሂትን ውርጭ አልፎ ነው። በምጥ የተያዘች ሴት፣ የዕርዳታ እህል የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሁሉም መንገዱን ይፈልጉታል። በመሆኑም ከደባርቅ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚያልፈው የጠጠር መንገድ ለወረዳው ሕዝብ የቅንጦት ሥራ አልነበረም። ከካርታው ላይ ለሚያየው ቀያሽም የተራራውን ጫፍ ተከትሎ መሄድ ብዙ ወንዝ የማያሻግር፣ ድልድይ የማያበዛ፣ ርካሽ መስመር ነው። ስሕተቱ መንገድ በመሥራቱ ላይ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ነበር፤ መስመሩ ሲመረጥ ሌላው ወገን በስሌቱ ውስጥ አልገባም።

መንገድ በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለባልደረቦቻችን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የጎን ተዳፋቱ 30 ዲግሪ በሆነ ቦታ ላይ 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ በቆረጣ ቢወጣ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 10 ሜትር ኩብ ያህል አፈርና ድንጋይ ይወጣል። ይህ በአንድ ኪሎ ሜትር 10,000 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ቁፋሮው ተጭኖ ወደ ተመደበለት ቦታ ካልተወሰደ በዶዘር ተገፍቶ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ገደሉ ደግሞ ዋልያው የሚሸሸግበት ነው። ከዚያም በላይ የመንገዱ ቦይ ቀድሞ በሣሩ መካከል ተበታትኖ ይሰርግ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ያፈሰዋል፤ በቱቦው ግርጌም ሸለቆ ይበላል። በጅንባር ሸለቆ የአፈር መሸርሸርን ያጠናውና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ያሳየን፣ በተራራው ላይ ያለው የእርሻ አፈር አስቀድሞም በአሳሳቢ ሁኔታ እየታጠበ መሆኑን ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ አንድ በትክክል ያልተቀመጠ ቱቦ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ሊወስድ ይችላል።

የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1996) ፓርኩን አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባው፣ ከዋልያው ቁጥር መቀነስና ከእርሻው መስፋፋት ጋር ይህን የመንገድ ሥራ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቀሰው። የክልሉ ባለሥልጣናት በጊዜው ውሳኔውን አልተቀበሉትም ነበር። ቅሬታቸው ሊገባን ይገባል፤ ለአንድ ችግረኛ ወረዳ መንገድ ማውጣት በዓለም ፊት እንደ ጥፋት መቆጠሩ ለማንም አይዋጥም። በኋላ ግን በ1993 ዓ.ም. በመጣው የጥናት ቡድን አማካይነት ውይይቱ ወደ ተግባር ተለወጠ። የፓርኩ ወሰን እንዲስተካከልና እንዲሰፋ፣ በውስጡ ያለው የሰው ቁጥር እንዲቀንስ፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በቂ ጥበቃ እንዲያገኙ መለኪያዎች ወጡ። ፓርኩም እስከ ራስ ደጀን ተራራ ድረስ ሰፍቶ 412 ካሬ ሜትር ኪሎ ሆነ። መንገዱን በሚመለከትም ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ አማራጭ መስመር እንዲሠራና በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው የሕዝብ ተሽከርካሪ ወደዚያ እንዲዛወር የሚለው ሐሳብ ተያዘ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቀድሞ አማራጭ ስላልተፈለገለት የተሠራው መንገድ፣ አማራጭ እንዲሠራለት ምክንያት ሆነ። አንድ ጊዜ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ሁለት ጊዜ ተሠራ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጊች

ጊች በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል የነበረ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ኑሯቸው በገብስ፣ በበግና በከብት ላይ የተመሠረተ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የበርን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ምሁራን መንደሩንና ማሳውን በጥንቃቄ ያጠኑ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ከአገራችን የገጠር መንደሮች መካከል እንደ ጊች በዝርዝር ካርታ የተነሣለት ጥቂት ነው። ጅብራው በቆመበት የጓሳ ሜዳ ዳር፣ ከእሜት ጎጎ ገደል ብዙ ሳይርቅ፣ ሰውና ዋልያ ሣሩን ሲሻሙ ኖረዋል።

የጃናሞራ መንገድ ጊችን በቅርብ ርቀት ያልፋት ነበር እንጂ አልነካትም። የጊች ሰው ከመንገዱ ለመድረስ ወደ ጅንባር ወርዶ መውጣት ነበረበት፤ እህሉም ሆነ የጎብኚው ዕቃ የሚወጣው በበቅሎ ነበር። ስለዚህ የመንገዱ ጥቅም ለጊች በግማሽ ሲደርስ፣ መንገዱ ያስነሣው ጥያቄ ግን በሙሉ ደረሳት። የፓርኩን መለኪያዎች ለማሟላት ሲባል 418 ቤተሰቦች፣ ማለትም ከ2,500 ያላነሱ ሰዎች፣ በ2008 ዓ.ም. መሬታቸውን ለቀው በደባርቅ ከተማ ዳር በተዘጋጀላቸው ቦታ ሰፈሩ፤ ካሣም ተከፈላቸው። በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ኮሚቴው በፖላንድ በክራኮቭ ከተማ ባደረገው ስብሰባ ፓርኩን ከአደጋው መዝገብ አወጣው። ለአገራችን ትልቅ የምሥራች ነበር፤ የከፈለበትም ማን እንደ ሆነ ሊዘነጋ አይገባም።

ካሣ በሚከፈልበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ ይገምት የነበረው ቤቱን፣ ሰብሉንና የመሬቱን ምርት ነው። የገበያ መንገድ፣ የጎረቤት ጉልበት፣ የደቦ ሥርዐት፣ በጉን የት ማሰማራት እንደሚገባ የማወቅ ጥበብ በዚያ ሚዛን ላይ አይወጡም። ገብስ አብቃይ የነበረ ሰው የከተማ ዳር ነዋሪ ሲሆን እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ነው፤ ያጣው ሙያ ግን የዘለቄታ ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ጭምር በካሣ ስሌት ውስጥ ማስገባቱ፣ ሕግ አውጭው ዘግይቶም ቢሆን መቋረጥ ራሱ ጉዳት መሆኑን እንደ ተቀበለ ያሳያል። ሕጉ ይህን ከተቀበለ የምሕንድስና ዕቅዳችን የማይቀበልበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በጊች አካባቢ ያለው የጓሳ ሜዳ በእሳት ተያያዘ። እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ከየመንደሩ የወጣው ሕዝብ በቅጠልና በእጁ ሲከላከል ሰነበተ። ለተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ሰው ከቦታው እንዲርቅ ቢደረግም፣ አደጋ ሲመጣ በእግሩ ቀድሞ የደረሰው የአገሩ ሰው ነው። በፓርኩ ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ ቅር አሰኝቶ ፓርክን መጠበቅ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

መቋረጥን ማቀድ

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚሆን ምን እናገኛለን? የመጀመሪያው የጊዜ አለካካችን ነው። አንድ መሐንዲስ ለድማሚት ሥራ መንገዱን ለሦስት ሰዓት ሲዘጋ፣ ጉዳቱን በሦስት ሰዓት ይመዘግባል። ለጭነት መኪናው ይህ ልክ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በግ እየነዳ ተነሥቶ አምስት ሰዓት በእግሩ ለሚጓዘው ገበሬ ግን ሦስት ሰዓት መቆም ማለት ገበያው ተበትኖ መድረስ ማለት ነው። ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ የጠፋበት አንድ ሳምንት ነው። በጉ በዚያ ሳምንት የማዳበሪያ ዕዳ ሊከፈልበት ታስቦ ከነበረ ደግሞ ጉዳቱ ከሳምንትም ያልፋል። ስለዚህ በሥራ ዕቅድ ውስጥ በመጀመሪያ ሊገባ የሚገባው የአካባቢው የገበያ ቀን ነው።

ሁለተኛው የማስታወቂያ ጉዳይ ነው። በዋና መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወይም በጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ ለጃናሞራ መንገደኛ አልደረሰም። በገጠር ወሬ የሚደርሰው በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ፣ በዕድር ስብሰባና በሹፌሮች አፍ ነው። ማስታወቂያውም «መንገዱ ለሥራ ይዘጋል» ብሎ የሚቆም ሳይሆን የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ሰዓት ቆርጦ የሚናገር መሆን አለበት። የድሮው ሲራራ ነጋዴ ወራት የፈጀውን የክረምት መዘጋት የቻለው ቀኑን ስላወቀው ነበር። ሰው ረጅም መዘጋትን ይችላል፤ የማያውቀውን መዘጋት ግን አይችልም።

ሦስተኛው የወቅት ምርጫ ነው። በእነዚህ ተራሮች የቁፋሮ ሥራ የሚቻለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ነገር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሰብል የሚሰበሰብባቸውና የሚጓጓዝባቸው ወራት ናቸው። የቀን ሠራተኛውንም ከአጨዳው ላይ እንወስደዋለን። ከሁሉም በላይ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቱቦውና ቦዩ ያላለቀለት ቁፋሮ መከፈት የለበትም። በከፊል የተቆረጠ ግድግዳ ለክረምት ከተተወ የሚጠብቀን ናዳ ነው፤ ናዳውም ሥራውን ወደ ኋላ፣ መንገደኛውን ወደ ቃሬዛው ይመልሳል።

አራተኛው የእግር መንገድና የጭነት ከብት ነው። በተራራ ጎን የወጣ ግድግዳ አራት ሜትር ቢሆን እንኳ ለበቅሎ አይወጣም። መንደሩን ከውሃው፣ ማሳውን ከቤቱ የሚያገናኘው አሮጌ መንገድ በእኛ ቆረጣ ተቆርጦ ሲቀር በማንም ሰነድ ላይ አይታይም። ቀያሹ መስመሩን ሲያወጣ የሚሻገሩትን የእግር መንገዶች ሁሉ እየቆጠረ ቢመዘግብና ለእያንዳንዱ መሻገሪያ ደረጃ ወይም መውጫ ቢታሰብለት፣ ወጪው ከጠቅላላው አንጻር ኢምንት ነው።

አምስተኛውና ዋነኛው የመንገድ መዛወር ነው። አሮጌው መንገድ ለሕዝብ ተሽከርካሪ የሚዘጋው አዲሱ ተመርቆ ሪባን በተቆረጠበት ቀን ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ተፈትኖ ባለፈ ጊዜ ሊሆን ይገባል። ከዚያም በኋላ ለሕመምተኛና ለአደጋ ጊዜ ማለፊያ የሚሰጥበት ሥርዐት አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የጃናሞራ ሰው ለፓርኩ ሲባል የሚዞር ከሆነ፣ መዞሪያው ከአሮጌው የባሰ እንዳይሆንበት ማረጋገጥ የመንግሥትም የእኛም ግዴታ ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ የሰሬንጌቲን ፓርክ በሰሜን በኩል የሚያቋርጥ የአስፋልት መንገድ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ ከፍተኛ ክርክር ተነሥቶ፣ የአገሪቱ መንግሥት በእ.ኤ.አ. 2011 በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው 53 ኪሎ ሜትር በአስፋልት እንደማይነጠፍ ለዩኔስኮ አስታወቀ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤትም በእ.ኤ.አ. 2014 እንዲህ ያለው የአስፋልት መንገድ ሕገ ወጥ እንደሚሆን ወሰነ። በዚያም ቢሆን ከፓርኩ ማዶ የሚኖረው ሕዝብ የመንገድ ፍላጎት በፍርድ አልጠፋም፤ በደቡብ በኩል ስለሚዞር አማራጭ መነጋገር ግድ ሆነ። ልዩነቱ ክርክሩ የተካሄደው ከሥራው በፊት መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ ያለ መስመር በላጲስ ይጠፋል፤ ተራራ ላይ የተቆረጠ መስመር አይጠፋም።

ማጠቃለያ

የሊማሊሞ መንገድ ለጦር ተሠርቶ ሕዝብ ወረሰው። የጃናሞራው መንገድ ለሕዝብ ተሠርቶ ከተፈጥሮ ጋር ተጋጨ። ጊች ደግሞ መንገድ ሳይደርሳት በመንገዱና በፓርኩ ጉዳይ ምክንያት ተነሣች። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው፣ ዕቅዱ ሲወጣ በመካከል ያለው መንገደኛ አለመጠየቁ ነው።

በዓለም ፊት የምንኮራበት የመንገድ ልማት ባለፉት አሥርተ ዓመታት በአገራችን ታይቷል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው መረብ ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል፤ ከጎንደር ደባርቅ ያለውም መስመር አስፋልት ለብሷል። ይህ ሥራ ገና አላለቀም፤ ብዙ ወረዳም መንገድ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን መንገድ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል አይደለም። በማኅበራችን አባላት እጅ በሚያልፍ እያንዳንዱ የገጠር መንገድ ሰነድ ውስጥ ስለ ትራፊክ መቋረጥ የሚናገር አንድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ፣ ከገበያ ቀን መቁጠሪያ፣ ከእግር መንገዶች ዝርዝርና ከመዝጊያና መክፈቻ ሰዓት ጋር እንዲካተት ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያም ሆነ የውጭ ብድር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀያሹ ቴዎዶላይቱን ከመትከሉ በፊት በመንገዱ ዳር ካለው ባላገር ጋር ተቀምጦ፣ ክረምት ሲገባ ወዴት እንደሚሄድና በምን እንደሚመለስ መጠየቁ ብቻ ነው።